ኪስ ገብታ የቀረች እጅ

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ፒያሳ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ገብታችሁ አራት ሰው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በዓይናችሁ ያዙ። ሲበሉ ተዉአቸው። ሥራ የሚጀመረው «ሂሳብ!» ተብሎ ሲጠራ ነው። ከዚያች ጥሪ ጀምሮ ሰዎቹ ተነሥተው እስኪወጡ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስላቅ የሚጽፍ ደራሲ ግን ለአንድ ምዕራፍ የሚበቃውን ስንቅ ከዚያች አምስት ደቂቃ ይሰንቃል።

«እኔ ነኝ!» የሚለው ቃል ከአራቱም አፍ እኩል ስለሚወጣ አፍን መመልከት ትርፉ ድካም ነው። የሚታየው እጅ ነው። አንደኛው ሰው እጁን ኪሱ ይከትና እዚያው ይተዋታል፤ እጂቱ ትንቀሳቀሳለች፣ ትፈልጋለች፣ አትወጣም። ሁለተኛው ቦርሳውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ አይከፍተውም። ሦስተኛው የጎረቤቱን ክንድ ጥርቅም አድርጎ ይይዝና «በሞቴ! ዛሬማ አይሆንም!» ይላል። ከሁሉ የረቀቀው የእሱ ዘዴ ነው፤ ሁለት እጁ በመከልከል ስለተጠመደ ገንዘብ የሚያወጣበት ሦስተኛ እጅ የለውም። አራተኛው ሰው ያን ያህል አይጮኽም። ገና ቡና ሳይታዘዝ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ተነሥቶ ካሸሯ ዘንድ ዘግቶ መጥቷል። አስተናጋጇ ግብግቡን ትንሽ ታግሳ «ተከፍሏል እኮ» ትላለች።

ጆሯችሁን የምታቆሙት እዚህ ላይ ነው። ከ«ተከፍሏል» በኋላ ጩኸቱ ይብሳል። «እንዴት እንዲህ ታደርገናለህ!» «ይሄማ ንቀት ነው!» እጂቱም አሁን ከኪስ ትወጣለች፣ ቦርሳውም ይከፈታል። የሚከፈል ነገር ሲጠፋ ደግነት ይተርፋል።

ይህን አይቶ «ግብዞች!» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ሥራውን ገና አልጀመረም። ከአራቱ አንዱም አልዋሸም። ክንድ የያዘው ሰውዬ በሚቀጥለው ሳምንት እጁን ሊታጠብ የሚነሣው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ቦርሳውን ሳይከፍት ያኖረው የወሩ 22ኛ ቀን ላይ ሆኖበት ነው፤ ደመወዝ ለመውጣት ስምንት ቀን ይቀረዋል። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ የተጠቀመበት ሰው ይመስላል። ግብግቡ ሁሉም ክብሩን ይዞ እንዲወጣ የተሠራ በር ነው። ማን እንደሚከፍል አራቱም እንጀራው ሳይቀርብ ያውቁታል፤ ማን ምሳ እንደጋበዘ፣ ማን በቅርቡ ሹመት እንዳገኘ፣ ማን ማንን ምን ሊጠይቅ እንደመጣ ጠረጴዛው ያውቃል። ሳቁም የሚገኘው ያን ሁሉ እያወቁ ስለሚታገሉ ነው።

ስላቅ ማጋነን ነው ይባላል። እኔ መቁጠር ነው እላለሁ። የሚያጋንን ጸሐፊ ለአንባቢው ማምለጫ ይሰጠዋል፤ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ ይገላገላል። እጂቱ ኪስ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየች በልኩ የጻፈ ግን አንባቢውን የራሱን ኪስ ያስዳስሰዋል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የቃል ድሀ አይደለም። ቧልት ለሳቅ ብቻ የተፈጠረ ነው። ፌዝ ሰውን ያቀልላል። ሽሙጥ ስም ሳይጠራ ይወጋል፤ የተወጋው ቢቆጣ «አንተን መች አልኩ?» የሚባልበት ምሽግ አለው። ምጸት አንዱን ብሎ ተቃራኒውን ማሰማት ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ ውስጠ ወይራ የሚሉት መንገድ አለ፤ ላዩ ለስላሳ ንግግር፣ ውስጡ እንደ ወይራ እንጨት የጠነከረ። ረጅም ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የሚጠጋው ለውስጠ ወይራ ነው። በቧልት ሦስት መቶ ገጽ መዝለቅ አይቻልም፤ አንባቢ 40ኛው ገጽ ላይ ይደክመዋል። በፌዝም እንደዚያው፤ ጸሐፊው የሚንቃቸውን ሰዎች ማን ብሎ እስከ መጨረሻው ይከተላቸዋል?

አለቃ ገብረ ሐና አህያ የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኙ «እንደምን አደራችሁ?» አሉት ይባላል። ቀልዱን ስንሰማው ስላደግን ረቂቅነቱን ረስተነዋል። ስድብ የለበትም፤ እንዲያውም ሰላምታ ነው። ሰውየው «ለምን ሰላም አልከኝ?» ብሎ ሊከስ አይችልም። ወጉ ያለው በግሡ ማሰሪያ ውስጥ ነው፤ ለአንድ ሰው «አደርህ» ወይም «አደሩ» ሲገባ «አደራችሁ» መጣ፤ አህያው ተቆጠረ። አማርኛ ገና ሰላም ሲባባሉ ማን ከማን በላይ እንደሆነ እንድንወስን ያስገድደናል። ስላቅ ጸሐፊው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ከየትም አያገኝም።

እስቲ አንድ ሹመት እንከተል። ሁለት ጓደኛሞች ስድስት ኪሎ አብረው ተምረዋል፤ ሃያ ዓመት «አንተ» ተባብለዋል። አንደኛው የመምሪያ ኃላፊ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ጓደኛው ደውሎ «እንኳን ደስ አለህ» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮው ሲሄድ ጸሐፊዋ ፊት «አለህ»ን መናገር አፉ ላይ ይከብደዋል፤ «አለ» እና «አሉ» መካከል ያለ፣ ማንንም የማያስቀይም ማጉረምረም ይፈጥራል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው በስም ነው፤ ግሡን ትቶ «ኃላፊ እንዴት ነው ሥራ?» ይላል፤ ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ መከላከያ። በወሩ «እርስዎ» ሆኗል፤ ማንም አላዘዘም። ሰውየው ሲሻር ደግሞ ነገሩ ወደ «አንተ» አይመለስም። «ያ ሰውዬ» ወደሚባለው ሩቅ ወገን ይሻገራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ስለ ሆድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ተውላጠ ስሙም ይሻራል። ይህን በልብ ወለድ ለማሳየት አንዲት የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም። በአምስት ምዕራፍ ውስጥ አምስት ሰላምታ፣ በአምስት የተለያየ የግሥ ማሰሪያ። የሚነቃ ይነቃል።

ማዕረግም እንዲሁ ነው። ፊታውራሪና ደጃዝማች ከአብዮቱ ጋር ሄዱ፤ «ጓድ» መጣ፤ ጓድም ሄደ። ባዶው ቦታ ግን ባዶ ሆኖ አልቀረም። ዛሬ መሐል ከተማ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ስብሰባ ላይ መድረክ መሪው እንግዶችን ሲያስተዋውቅ ሰዓት ያዙ። «ክቡር»፣ «ዶክተር»፣ «ኢንጂነር»፣ «አርቲስት»፣ «ባለሀብት» እየተባለ አሥር ደቂቃ ሲሄድ «አቶ» ተብሎ የተጠራው ሰው አንገቱን ሲደፋ ታያላችሁ። «አቶ» በአንድ ወቅት ክብር ነበረች፤ አሁን ምንም ያልሆነ ሰው መጠሪያ ልትሆን ትንሽ ቀርቷታል።

ወደ ቢሮ እንግባ፤ ሀብቱ ያለው እዚያ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚሠራው ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከዚያም ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ የጠዋቱ 5፡30 ላይ ያበቃል። ልምድ ያለው ባለጉዳይ በዚህ ውስጥ ሌላ ሰዓት እንዳለ ያውቃል፦ ከ2፡30 እስከ 3፡15 «ገና እየገቡ ነው»፤ ከ4፡00 እስከ 4፡30 ሻይ፤ ከ6፡00 በኋላ «ከሰዓት ብትመጣ ይሻላል»፤ ዓርብ 5 ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ሰኞ የመጣ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ጋ የሚሠራው ስሕተት አንድ ሰነፍና ጉቦኛ ሠራተኛ ፈጥሮ መስኮቱ ላይ ማስቀመጥ ነው። አንባቢ ይናደዳል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። ትክክለኛው ሥዕል ከዚያ የከፋ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም።

አንዲት ወይዘሮ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጋ ወረዳ ትሄዳለች እንበል። ደብዳቤው ተጽፏል፤ «ጉዳዩ፦ ትብብርን ስለመጠየቅ» ይላል። ይህች ርእስ ራሷ የምታስገርም ናት፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ፈረሰ፣ ውኃ ጠፋ፣ ሁሉም ትብብርን ስለመጠየቅ ነው። ኃላፊው ፈርመዋል። ቁጥርና ቀን መዝገብ ቤት ነው የሚሰጠው፤ መዝገብ ቤቷ ልጅ ትሰጣለች፤ ግን ፊርማው ሥር ቲተር የለም። ስምና ኃላፊነት የሌለበት ፊርማ ጭረት ነውና ልጅቷ ትክክል ናት። ቲተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ የጸሐፊዋ ነው። ጸሐፊዋ ለቅሶ ሄዳለች፤ ለቅሶ የሄደን ሰው ማን ይወቅሳል? ምክትሉ ራሳቸው ቲተር አላቸው፤ ግን የፈረሙት እሳቸው አይደሉም፤ በሌላ ሰው ፊርማ ላይ የራሳቸውን ቲተር ቢመቱ ወንጀል ነው። ኃላፊው እንደገና በቲተር ፊት ይፈርሙ ቢባል ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባው ስለ አገልግሎት አሰጣጥ መሻሻል ነው። ሁሉም ይራሩላታል። አንዷ ወንበር ትሰጣታለች፤ አንዱ «እናቴ፣ ነገ ጠዋት እኔ ራሴ አደርስልሻለሁ» ይላል፤ ከልቡ ነው። ነገ ጠዋት ሲስተም የለም።

እንግዲህ ቁጠሩ፤ አምስት ሰው፣ አምስት እውነተኛ ምክንያት፣ ዜሮ ደብዳቤ። አንዱን ምክንያት ውሸት ብታደርጉት ሰንሰለቱ ሁሉ ይረግባል፤ ሳቁም ጥፋቱም በዚያ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፍና ቤቱ ነፃ ይወጣል። ይህን ትዕይንት የሚጽፍ ሰው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እሱ ራሱ በቦታው ቢሆን የሚሰጠውን ምክንያት ማግኘት አለበት። ሲያገኝ ይደነግጣል፤ ያኔ ይጻፍ።

የቢሮው ቋንቋም የራሱ ሰዋስው አለው፤ አድራጊ የለውም። «ጉዳዩ እየታየ ነው።» ማን ነው የሚያየው? «አቅጣጫ ተቀምጧል።» «ክፍተቶች ታይተዋል።» ክፍተት የምትባለው ቃል ያለፉት ዓመታት ታላቅ ሠራተኛ ናት፤ ስርቆትም ክፍተት ነው፣ መርሳትም፣ የፈረሰ ድልድይም። ተደራጊ ግሥ አማርኛ ውስጥ ጥንትም ነበረ፤ «ተሰበረ» የሚል ልጅ ብርጭቆውን ማን እንደሰበረው ሁላችንም እናውቃለን። ስብሰባ ላይ ግን ልጁ ሃምሳ ዓመቱ ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው ፈጥሮ ከመጻፍ ይጠንቀቅ። የፈጠራ የቢሮ ንግግር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ አስቂኝ ነው። ሁለት ሰዓት ስብሰባ ተቀምጦ «ከመቼውም ጊዜ በላይ» ስንት ጊዜ እንደተባለ በእንጨት እንጨት ምልክት መያዝ ይበልጣል።

ስለ አያያዝ ካነሣን፦ ደብተር ማውጣት ሰውን ያስነቃል፤ ጋዜጠኛ ወይም ሰላይ ያስመስላል፤ በዚህ ከተማ ሁለቱም ጥሩ መቀመጫ አያሰጡም። ዛሬ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ስላጎነበሰ ስልክ ላይ መጻፍ ማንንም አያስገርምም። መጻፍ ያለበት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ትውስታ አርታኢ ይሆናል፤ የተቆራረጠውን ይቀጥላል፣ «ያው»ን፣ «ማለቴ»ን፣ «እንትን»ን ይጥላል፣ ሰውየውን ከሚናገረው በላይ አንደበተ ርቱዕ ያደርገዋል። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር በቃሉ እንዳለ፤ እጅ ምን እንደሠራች፤ ገንዘብ ካለ ስንት ብር፤ ሊባል ሲገባው ያልተባለው ምን እንደሆነ። ቅጽል አያስፈልግም። «ስስታም» ብሎ የጻፈ ማስታወሻ ከወር በኋላ ሲነበብ ባዶ ነው፤ «ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ደመረ፣ አንድ ብር ሲተርፈው ዝም አለ፣ ሲጎድለው ጠራ» ያለው ግን ሰው ነው።

ጥሩ መቀመጫ ከሚባሉት ውስጥ የሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር አንዱ ነው። ከለገሃር ወደ አራት ኪሎ የሚጠራ ረዳት አራት ወንበር ባዶ ሆኖ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። የሚሮጠው ሰው ገብቶ ባዶዎቹን ሲያይ ይናደዳል፤ ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ግን አራተኛው ሰው ቶሎ እንዲመጣለት እሱም በመስኮት ያያል፤ ረዳቱ ውጭ «አንድ ሰው» ሲል ከእንግዲህ አይቃወምም። ውሸቱ የእሱም ሆኗል። የፖለቲካ ልብ ወለድ ለመጻፍ ከዚህ የበለጠ ቤተ መንግሥት ድረስ መሄድ አያስፈልግ ይሆናል፤ ምንም እንኳ አራት ኪሎ ራሱ ወራጅ ቢሆን።

እድር ላይ ግን ብዙ ስላቅ ጸሐፊዎች ይሳሳታሉ። ቁሱ ፈታኝ ነው፦ ስም ጥሪ፣ የቀሪ ቅጣት፣ ቁርጥ ያለ ደንብ፣ «በደንቡ አንቀጽ…» እያሉ ስለ ጠፋ ብረት ድስት አንድ ሰዓት የሚከራከሩ ሽማግሌዎች። ገንዘብ ያለው ሰው ለቅሶ ላይ ላለመቀመጥ ቅጣቱን አስቀድሞ ይከፍላል፤ በእሱ አቆጣጠር ቅጣት ማለት የአገልግሎት ክፍያ ነው። ድንኳን ውስጥ የሚወራውም በልክ የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝምታ፣ ቀጥሎ «ታሞ ነበር እንዴ?»፣ ቀጥሎ የሲሚንቶ ዋጋ፣ ማታ ካርታ። ይህ ሁሉ ያስቃል። ነገር ግን ያው ድንኳን በሌሊት ተተክሎ፣ ያው ብረት ድስት ተጥዶ፣ ሬሳ የሚሸከም ትከሻ ሳይጎድል ሐዘንተኛው በማግስቱ ብቻውን እንዳይነቃ የሚያደርገው እነዚያው ስለ ድስት የተከራከሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ድስቱ የተገኘው ስለተከራከሩበት ነው። ክርክሩን ብቻ ጽፎ ሌሊቱን የተወ ጸሐፊ ግማሹን ቆጠረ። የሲሚንቶውም ወሬ እንደዚያው ነው፤ ሐዘንተኛው ጥግ ተቀምጦ የሚሰማው የሰው ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ስለ ሞት ማውራት የሚችለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉት ፊታውራሪ መሸሻ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ያልሞቱት በዚህ ይመስለኛል። ዘመን ጥሏቸው የሄደ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያስቃሉ፤ ጸሐፊው ግን አንድም ጊዜ አሹፎባቸው አያልፍም፤ ክብራቸውን እሳቸው እንደሚያምኑት አድርጎ ነው የሚጽፈው። የሚያሳፍረው ነገር ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል።

የሚበላሽባቸውን ቦታዎች በአጭሩ ልጥቀስ። ገጸ ባሕርይን «አቶ ሆዱ ሞላ» ብሎ መሰየም አንድ ጊዜ ያስቃል፤ ከዚያ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ያው ሳቅ ይደገማል። የክፍለ ሀገር አነጋገር እየኮረጁ ማሳቅ ደግሞ ርካሽ ከመሆኑ በላይ የተሳሳተ ሰው ላይ ያርፋል፤ ሰውየው የሚያስቀው በሥራው ሳይሆን በተወለደበት ይሆናል። ደካማ ላይ መሳቅም እንዲሁ፤ አስተናጋጇ ወንበሮቹን ስትዞር የምትሠራው ስሕተት ከሂሳቡ ግብግብ ጋር አይተካከልም። ሌላው በሽታ ማስረዳት ነው። ውስጠ ወይራውን ሰንጥቆ «ይህ ማለት እንዲህ ማለት ነው» የሚል አንቀጽ የጨመረ ጸሐፊ አንባቢውን እንደ አህያው ቆጥሮታል። እውነተኛ ሰውን ማስገባትም ትርፍ የለውም፤ አካሄዱን ከአንዱ፣ ንግግሩን ከሌላው፣ ቢሮውን ከሦስተኛው ወስዶ ማዋሃድ ይሻላል። «ይሄ እገሌ ነው» የሚል አንባቢ ከተገኘ አልተዋሃደም። አሥር ሰው ከአሥር መሥሪያ ቤት «ይሄማ የኛ አለቃ ነው» ካሉ ተዋሕዷል።

ከዚህ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ለማዋሃድ ሌላ ምክንያትም ነበራቸው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የጻፈው የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን አውሬዎችን የሚያናግር ስላቅ ነበረ፤ በአውሬ ቆዳ ቢሸፈንም መኳንንቱ ራሳቸውን አወቁና ታገደ። ያው ሰው በ1923 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቀ፤ ተመሳሳይ እጅ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ቆዳውን ሳሳ አድርጎ ጻፈ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ስላቅ ስታነቡ አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ስድቡ ጨመረ፣ ወይራው ቀነሰ። ሳንሱር ይመለስ የሚል የለም፤ ግን መከልከል ጸሐፊዎችን አስገድዶ ያስተማራቸውን በፈቃዳቸው የሚማሩት ጥቂቶች መሆናቸው ያሳዝናል።

ከተማዋ ራሷ አስተማሪ ነበረች። ፒያሳ ዙሪያ የነበሩትን የሰፈር ስሞች ስሙ፦ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ውቤ በረሃ። እሪ በከንቱ! ጮኾ የሚሰማው ያጣ ሰው ስሙን ለሰፈር ሰጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ሰፈር ሰው አቤቱታ ሲጽፍ አድራሻውን እንዲያ ብሎ ይሞላ ነበር። ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራው ተቋማቸው ስም የቀረ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ ሰፈር ማለት ነው በአጭሩ፤ ማታ ማታ በሌላ ነገር ሲታወቅ ኖረ። ስም አውጪው ሕዝብ ከማንኛውም ደራሲ ይበልጥ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ እድሮቹ ከነድስታቸው ተበተኑ፤ ነዋሪው ዳር ወዳሉ መንደሮችና ኮንዶሚኒየሞች ሄደ። ለስላቅ ጸሐፊ ይህ የሥራ ጉዳይ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ጎረቤቱ ደረጃ ላይ የሚለውን እንጂ ጓዳው የሚለውን አይሰማም፤ የብሎኬት ግድግዳ ከጭቃው ይልቅ ምስጢር ይጠብቃል። የአዲሶቹ ሰፈሮች ስም ደግሞ ቁጥር ነው። ብሎክ 14ን ማን ይቀኝበታል? ምናልባት ጊዜ ይወስዳል። ሊፍቱ ለስድስት ወር ያልሠራበት ሕንፃ ቅጽል ስም ሳያወጣ አይቀርም።

የሂሳቡ ግብግብ ግን ከሰው ጋር አብሮ ተሰድዷል፤ ቅርጹን ብቻ ለውጧል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ኪስ ውስጥ መቆየት ለእጅ አስቸጋሪ ሆነ፤ ስልኩ ከመጀመሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ስለዚህ ቦርሳ ሳይከፈት የሚቀርበት ቦታ ወደ መስታወቱ ተዛወረ። «እኔ ነኝ!» ይባላል እንደ ድሮው። አንዱ መተግበሪያውን ይከፍትና «እየዞረ ነው» ይላል። ሁለተኛው የሚስጥር ቁጥሩን አንድ አሃዝ ያሳስታል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ። ሦስተኛው አሁንም ክንድ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ስልክ የያዘውን ክንድ ነው፤ ሲያንቀጠቅጠው ስልኩ የመክፈያ ኮዱን ሳያነብ ይቀራል። «ኔትወርክ የለም» የምትባለው ምክንያት ከሁሉ የበለጠ የተከበረች ናት፤ ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነች ማንም አይመረምራትም። አስተናጋጇ ኮዱ የተለጠፈበትን ካርቶን ይዛ ቆማለች። አራተኛው እጁን ሊታጠብ ሄዷል።